የመስቀል በሬ ቆዳ

ከአምቦ መንገድ ወንዙን ተሻግሮ ባለው በእኛ በቡራዩ ሰፈር አዴ በቀለች ገርባን የማያውቅ ሰው የለም። ወይዘሮ ብሎ የጠራቸው መልስ አያገኝም፤ አዴ ነው የሚባሉት። አንዳንዱ በምላሳቸው ያውቃቸዋል፣ አንዳንዱ በሥራቸው፣ ብዙው ሰው ግን እኔ ባወጣሁላቸው ስም ያውቃቸው ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣው አገር ስለሚያውቅ መካዱ አይጠቅመኝም። ዱቤ እባላለሁ፤ ገበሬ ነኝ፤ በወጣትነቴ ሰው ካላሳቅሁ የዋልኩ የማይመስለኝ ቀባጣሪ ነበርኩ። ሌላው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ራሴ ብናገረው ይሻላል።

አዴ በቀለች ባላቸው ቀድመው ስለሞቱ አንዲት ልጃቸውን ወርቅቱን ያሳደጓት ብቻቸውን ነው። ወርቅቱ እዚያው ሰፈራችን ተዳረች፣ አረገዘች፣ በነሐሴ 1953 ዓ.ም. ምጥ ያዛት። ምጡ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ትድረስ ተባለና ቃሬዛ ተሠራ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ መሻገሪያ ብለን ያጋደምነውን ግንድ ወስዶታል። ማዶ በአስፋልቱ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይታየናል። ጮኽን፤ ማን ይስማን። ቃሬዛውን ሣሩ ላይ አስቀምጠን ውሃው እስኪጎድል ቆምን። እናቷ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው "አይዞሽ፣ አሁን ይጎድላል፤ አይዞሽ፣ አሁን ይጎድላል" ይሏታል። እኩለ ቀን ላይ ወርቅቱ ሞተች፤ በሆዷ ያለው ልጅም አብሯት ሄደ። ውሃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎደለ።

አዴ በቀለች አርባው ከወጣ በኋላ ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይሉት ጀመር። "ለቅሶውስ ደረሳችሁ፤ ሐኪሙ መቼ ነው የሚደርሰው?" ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እሳቸው ግን ወረዳው ድረስ በእግራቸው እየተመላለሱ ጸሐፊውን አሰለቹት፣ ዘበኛውን አሰለቹት። በጥር 1954 አንድ መነጽራም የጤና ጥበቃ ሰው በላንድሮቨር ወንዙ ድረስ መጣና በእግሩ ተሻግሮ ሰፈሩን አየ።

"ቤቱን እናንተ ሥሩ" አለን ሰውየው፤ "መንግሥት ቁስል የሚያክም ድሬሰርና አዋላጅ ነርስ ይልካል። ክዳኑ ግን ሣር አይሆንም፤ ቆርቆሮ መሆን አለበት። እስከ 1956 ሰኔ ካልደረሰ ሰዎቹ ሌላ ቦታ ይመደባሉ።"

ግድግዳውን በደቦ አቆምነው። እንጨቱ ከየጓሮው ወጣ፣ ጭቃውን ረገጥን፣ መረግን፣ ጨፈርን። አርባ ቆርቆሮ ያስፈልጋል ሲባል ግን ጭፈራው ቆመ። በዚያ ዘመን በአካባቢያችን ቆርቆሮ ክዳን የነበረው የቤተ ክርስቲያኑና የነጋዴው የከድሩ ሱቅ ብቻ ነው። ክረምቱ እንዳይንደው ግድግዳውን ገለባ አልብሰን፣ ወደየቤታችን ገባን። እኔን የጠየቀኝ ቢኖር ጉዳዩ በዚሁ አልቋል እለው ነበር።

አዴ በቀለች ግን ስለ ቆዳ ያስቡ ነበር።

መስቀል በእኛ አገር ያለ ቅርጫ አይውልም። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፣ መስከረም አሥራ ሰባት ጠዋት በአንዱ ግቢ ይታረዳል፣ ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል፣ ዕጣ ይወጣል። ቆዳው በሰፈራችን ልማድ በሬው የታረደበት ግቢ ባለቤት ነው። አንዳንዱ ቁርበት አድርጎ ይተኛበታል፣ ሌላው ከድሩ ሱቅ ወስዶ በጨውና በላምባ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ በወንዙ ወዲህ በኩል ባለን ቤት ሃያ ሦስት በሬ ይወድቃል።

ከድሩ ከወንዙ ማዶ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ነበረው፤ ከሩቅ አገር የመጣ እስላም ነው፣ አዲስ አበባ ቆዳ ተራ ደንበኞች አሉት። አዴ በቀለች ሱቁ ገቡና ሳይቀመጡ ጠየቁት።

"ለአንድ ቆዳ አንድ ቆርቆሮ ትሰጠኛለህ?"

"ደህና ቆዳ ከሆነ እሰጣለሁ አዴ" አለ ከድሩ።

"ቆዳ ቆዳ ነው" አሉና ወጡ። ከድሩ ሊያስረዳቸው አፉን ከፍቶ ነበር አሉ፤ እሳቸው ግን መንገድ ጀምረዋል። ችኮላቸው እንደ ሐዘናቸው ገና ትኩስ ነበር።

በ1955 እንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች አደይ ይዘው እየዘፈኑ በየደጁ ሲዞሩ አዴ በቀለች ከኋላቸው ይከተሏቸዋል። ልጃገረዶቹ ዳቦአቸውን ተቀብለው ሲወጡ እሳቸው ይገባሉ። "እንኳን አደረሳችሁ። የመስቀል በሬያችሁን ቆዳ ለወርቅቱ ቤት ስጡኝ" ይላሉ። ጤና ጣቢያ አይሉትም፤ የወርቅቱ ቤት ነው የሚሉት። በበዓል ቀን በዚያ ስም የተለመነ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ሃያ ሦስቱም ግቢ እሺ አለ።

ያን ዓመት መስቀል ሐሙስ ዋለ። ነገ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፤ ሥጋ የሚበላው ዛሬ ብቻ ነው። ይህን ያወቀ ሰው እንዴት እንደሚያርድ ገምቱ። ደመራው ሳይበርድ በየግቢው በሬ ወደቀ፣ ቢላ ወጣ። ዱለቱ እስኪደርስ ማን ይታገሣል? ግማሹ ይገፍፋል፣ ግማሹ ከላይ ከላይ ይቆርሳል፣ ቆዳው ላይ የሚያርፈውን ቢላ የሚያይ የለም። እኔ በሽማግሌያችን በኦቦ ኢተፋ ግቢ ገፋፊ ነበርኩ። አንድ እጄ ይገፍፋል፣ አንድ እጄ ጉበት ይጎርሳል፣ አፌ ይቀልዳል።

አዴ በቀለች ሃያ ሦስቱን ቆዳ በአህያና በጀርባቸው ሰብስበው ጨው ነስንሰው በግቢያቸው በችካል ወጠሩት። ግቢያቸው ሸተተ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እዚያ ከረመ። እሳቸው ዱላ ይዘው አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሲደርቅ ከድሩ መጣ። አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ፀሐይ ይዘረጋዋል፣ ያያል፣ ያስቀምጣል። እኛ ወንዶቹ አጥር ላይ ተደግፈን እንመለከታለን።

"አራት" አለ መጨረሻ ላይ፤ ቃሉ ከአፉ የወጣው በግድ ነው። "አዴ፣ ወላሂ ሁሉንም ብቀበልዎት ደስ ይለኝ ነበር። ይሄ ግን ተበሳስቷል። አዲስ አበባ ስወስደው ፊቴ ላይ ነው የሚጥሉት።"

አዴ በቀለች አንዱን ቆዳ ራሳቸው አነሱና እንደ እሱ ወደ ፀሐይ ዘረጉት። ብርሃኑ በቀዳዳው እየገባ ፊታቸው ላይ ነጠብጣብ ሠራ። ከዚያ ዞረው እኛን አዩን።

"ማነው የገፈፈው?"

ሁላችንም ነበርን።

እዚህ ላይ ነው እኔ የማፍርበት ነገር የሚመጣው። እሑድ ሰንበቴ ላይ ሰዉ ጠላ እየጠጣ ሳለ አዴ በቀለች ሲገቡ አየሁና "ዞር በሉ፣ ፋቂዋ መጡ!" አልኩ። ሰዉ ሳቀ። በእኛ አገር ፋቂ ማለት ቀላል ስድብ አይደለም፤ ቆዳ ፋቂ ከተባለ ሰው ጋር ሰው አይጋባም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጣም። ነውሩ የእኛ እንጂ የሠራተኞቹ አይደለም፤ ያኔ ግን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም። እውነቱን ልናገር። አዴ በቀለችን ባየሁ ቁጥር ያ ቃሬዛ ትከሻዬ ላይ ይመጣብኛል። ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ ነው የቀለድኩባቸው።

ስሙ ግን ከእኔ እጅ ወጣ። በአንድ ወር ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ በዚያ ስም ጠሯቸው። በማርያም ማኅበራቸው ሴቶቹ ለእሳቸው ለብቻ ዋንጫ አቀረቡላቸው። ወንድማቸው መጥቶ "ስማችንን አጠፋሽው፣ ተይው ይቅርብሽ" አላቸው። ሃያ ዓመት በጠጡበት ማኅበር ለብቻቸው ሲቀመጡ አላለቀሱም አሉ። ጠላውን ጠጡ፣ ዋንጫውን አጥበው ሰጡና "በሚመጣው መስቀልም ቆዳ እለምናለሁ፤ ከአሁኑ እወቁት" ብለው ወጡ።

እኔ በዚያው ዓመት በጥር ከሱሉልታ አያንቱን አገባሁ። የአያንቱ እናት የሞቱት እሷን ሲወልዱ ነው። ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች፤ የእኔዋ ሙሽራ የምትሄድበት እናት አልነበራትም። ይህን ስለምታውቅ የአዴ በቀለችን ታሪክ ከሰማች ጀምሮ ግድግዳው ወደቆመበት ሜዳ ሄዳ እየቆመች ታያለች። አንድ ቀን ጎረቤት ስሙን ማን እንዳወጣው ነገራት። ቤት ስገባ ምድጃው ዳር ቆማለች።

"ፋቂ ያልካቸው አንተ ነህ?"

"ቀልድ ነው እኮ።"

"ቀልድ" አለች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን አዴ በቀለች ግቢ ሄዳ ችካል ስትጠርብላቸው ዋለች።

በግንቦት አንዱ በሬዬ ከገደል ወድቆ ሞተ። ሳይታረድ የሞተ ከብት ሥጋው አይበላም፤ ለጅብና ለአሞራ ነው። እኔ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ኪሳራዬን ሳስብ አዴ በቀለች መጡ። ከኋላቸው ከድሩ ቢላ ይዞ ይከተላቸዋል።

"አካም ጅርታ ዱቤ። አዝናለሁ። ቆዳውን ለእኔ ስጠኝ፤ ከድሩ ሊያስተምረኝ ነው።"

"ይውሰዱት" አልኩ፤ የምስቅበትን አጥቼ ነው እንጂ ልስቅ ፈልጌ ነበር።

ገደሉ ሥር ወረዱ። ከላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁ፣ ሰማሁ። ከድሩ ሆዱን ከአገጭ እስከ ጭራ ቀደደና ቢላውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

"አዴ፣ ቢላ ከዚህ በኋላ ለእግርና ለአንገት ነው። ጎኑንና ጀርባውን ጡጫ ነው የሚገፍፈው። በግራዎ ቆዳውን ወጥረው ይያዙ፣ በቀኝ ጡጫዎ መሐሉን ይግፉ። ቢላ ይቸኩላል፤ ጡጫ አይበሳም።"

አዴ በቀለች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጀመሩ። እጃቸው አዳለጣቸው፣ ሁለቴ በቂጣቸው ወደቁ፣ እንደገና ተነሱ። ከድሩ ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ "ተው፣ መስቀል ዕለት አንተ የለህም" አሉት። እውነታቸውን ነው፤ የእስላም እጅ የነካውን ሥጋ ክርስቲያኑ አይበላም፤ ከድሩ ሊያስተምራቸው የሚችለው ማንም የማይበላው ከብት ላይ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ በሬ እስኪገኝ ስምንት ወር ጠብቀዋል። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ታገሉ፣ ቆዳው ሙሉውን ወጣ። ከድሩ ዘረጋው። አንድ ቀዳዳ የለውም፤ እሳቸውም የትምህርትህ ዋጋ ነው ብለው ለእሱው ተዉለት። አዴ በቀለች ያበጠ ጡጫቸውን አዩትና ሳቁ። ወርቅቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ሳይ ያ የመጀመሪያ ነው። እኔ አፋፉ ላይ ደነዘዝኩ እንጂ ወርጄ አላገዝኳቸውም።

የ1956 መስቀል ቅዳሜ ዋለ። ከዚህ ወዲያ ሌላ መስቀል የለም፤ ሰኔ ሲመጣ ቀጠሮው ያልቃል። ደመራው ተለኩሶ፣ ሽማግሌዎች በወደቀበት አቅጣጫ ተከራክረው፣ ሰው ከአመዱ ግንባሩን ቀብቶ ሲመለስ እኛ በኦቦ ኢተፋ ግቢ በሬውን ጥለናል። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የሚያምር ቡሬ ነበር። ቢላዬን ሳልኩ። ያኔ አዴ በቀለች እጅጌያቸውን ጠቅልለው በበሩ ገቡ፤ አያንቱ ከኋላቸው የውሃ እንስራ አዝላለች። ሚስቴን እዚያ ሳይ ፊቴ ጋለ።

"አዴ በቀለች" አሉ ኦቦ ኢተፋ በትሕትና፣ "ሴት እርድ ላይ አትቆምም። ቆዳውን እንልክልዎታለን።"

"ባለፈው ዓመት ልካችሁልኝ ነበር ኦቦ። ልቆም አልመጣሁም፤ ልገፍፍ ነው።"

አንድ ሰው ከኋላ "ፋቂ" አለ። ያወጣሁት ስም በሰው አፍ ሲመጣ ያን ቀን ጆሮዬን አሳመመኝ። አዴ በቀለች ወደ ድምፁ አልዞሩም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዱቤ፣ ስሙን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። እንግዲያው ሥራዬን አብረኸኝ ሥራ። ግማሹን አንተ በቢላህ፣ ግማሹን እኔ በጡጫዬ። ከዚያ ወደ ፀሐይ እንዘርጋው። የእኔ ከተበሳ ከዚህ ግቢ ወጥቼ ዳግመኛ ቆዳ አልለምንም። ያንተ ከተበሳ በዚህ ሰፈር ቢላ ጎን አይነካም።"

ሰዉ ሁሉ ኦቦ ኢተፋን አየ። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ቸከሉ፤ የወርቅቱን ግብዓተ መሬት ያስፈጸሙት እሳቸው ነበሩ። "ይሁን" አሉ።

በሬውን መሐል አድርገን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ተጠንቅቄ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም። አፌ እንኳ ዝም ብሏል። ቢላ ግን ቢላ ነው። አዴ በቀለች በጡጫቸው እየገፉ ከእኔ እኩል ደረሱ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ቆዳውን አነሳን፣ አራት ሰው ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። የእሳቸው ግማሽ ጨለማ ነው። በእኔ ግማሽ ብርሃን ይገባል። ኦቦ ኢተፋ በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ "ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጃአ፣ ቶርባ፣ ሰዴት፣ ሰገል።" ዘጠኝ። የሳቀ ሰው የለም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ቢላችሁን አስቀምጡ" አሉ ኦቦ ኢተፋ ለወንዶቹ። "እጃችሁን ታጠቡና ከአዴ በቀለች ተማሩ። ከዛሬ ጀምሮ ያን ስም በግቢዬ የሚጠራ ሰው ከእኔ ጋር ቅርጫ አይገባም።"

ያን ቀን አዴ በቀለች ከግቢ ግቢ ሮጡ። አንዱ ጋ ጎኑን ጀምረው ያሳያሉ፣ ለወንዶቹ ትተው ወደ ሌላው ያልፋሉ። ነገሩ ወንዶቹ መሐል ፉክክር ሆነ፤ ቆዳ ሳይበሳ ያወጣ ይፎክራል፣ ቢላ ያነሳ ይሰደባል፣ ሥጋውም ዘግይቶ ተበላ፣ ማንም አልሞተም። ሃያ ሁለት ቆዳ ሙሉውን ወጣ። ያን ቡሬ ግን ከድሩ ሊቀበል አይችልም፤ ግማሹ ብቻ ደህና የሆነ ቆዳ የለም። አዴ በቀለች ጠቅልለው ወሰዱት።

ካለፈው ዓመት አራቱ ጋር ሃያ ስድስት ሆነ። አሥራ አራት ይቀራል። መስቀል አልፏል። እኔ ያኔ አለቀ ብዬ ነበር፤ አዴ በቀለች ግን የሚቀጥለውን ድግስ ያውቁታል። የገና ጾም ሊገባ ሲል በህዳር አሥራ አራት ቅበላ ነው፤ የእኛ ሰፈር ገንዘቡን በመስቀል ስለሚጨርስ በዶሮ ይቀበላል፤ ሰበታና ሱሉልታ ግን ያን ቀን ቅርጫ የማይገባ የለም። አያንቱ ማታ እራት ስታቀርብልኝ "አህያዋን ይዘህ አብረሃቸው ትሄዳለህ" አለችኝ። መልስ የሚጠብቅ አነጋገር አልነበረም።

ሱሉልታ የአያንቱ ዘመዶች ስላሉ አልተቸገርንም። ሰበታ ግን የሚያውቀን ሰው የለም። ለህዳር ሚካኤል ንግሥ ደረስን፤ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰዉ ሣሩ ላይ በየጎሣው ተቀምጦ ይበላል። አዴ በቀለች መሐሉ ቆሙ። ልመና ይጀምራሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ጡጫቸውን አወጡ።

"በቅበላው ዕለት በሬያችሁን በነፃ እገፍፍላችኋለሁ። ቆዳውን ለሚወልዱ ሴቶች ቤት ትሰጡኛላችሁ። ልጄ ወንዝ ዳር ነው የሞተችብኝ፤ ከእናንተ ውስጥ ልጅ ያላት ሴት ትነሳ።"

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ተነሱ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሣሩ ላይ የተቀመጠ ሴት አልቀረም። በቅበላው ቀን በሰበታ ስድስት በሬ ገፈፍን፤ እኔም በጡጫዬ። በማግስቱ ሱሉልታ ላይ የአያንቱ አጎቶች እኛ ባስተማርነው መሠረት ያወጡትን ስምንት ይዘው ጠበቁን። አሥራ አራት ሞላ።

ሸክሙን ይዘን ስንመለስ መንገድ ላይ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "አዴ፣ ስለዚያ ስም…" አልኩ።

"ይቅርታህን ለክረምት አቆየው" አሉኝ ሳይዞሩ። "ወንዙ ሲሞላ ትነግረኛለህ። አሁን አህያዋን ንዳ።"

ከድሩ ቆርቆሮውን በጭነት መኪና እስከ ወንዙ አመጣው፤ ጎልማሳ ሁሉ በአናቱ እየተሸከመ አሻገረው። ሲቆጠር አርባ ሁለት ሆነ። አዴ በቀለች "ተሳስተሃል" አሉት።

"አልተሳሳትኩም። ሁለቱ የእኔ ነው" አለ ከድሩ። "ራቢአስ እዚህ አትወልድም እንዴ?" ሚስቱ ራቢአ ያኔ ሦስተኛዋን አርግዛ ነበር።

በሰኔ ድሬሰሩና የሺወርቅ የምትባል አዋላጅ ነርስ መጡ። መድኃኒት መጣ፣ ጠረጴዛ መጣ፣ አልጋው ግን በኋላ ይላካል ተባለ። አዴ በቀለች ቤቱን ዞረው አዩና ወጡ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት አያንቱን ምጥ ያዛት። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፤ የወንዙ ድምፅ እስከ ቤታችን ይሰማል። ቃሬዛ የሚሠራ ሰው አልጠራሁም። ክንዷን ይዤ በጭቃው ውስጥ በእግሯ ወሰድኳት፤ ሁለት ጊዜ ቆም ብላ አንገቴን አቅፋ አማጠች፣ ሦስተኛው ላይ በሩ ደረስን። አዴ በቀለች ቀድመውን ደርሰዋል፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አያንቱን ተቀብለው አስገቡና በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆሜ ከዚያ ሌላ የምሰማው የለም። ፈራሁ። ሰው እንደዚያ ይፈራል ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቃሬዛ፣ ያን ሣር፣ "አሁን ይጎድላል" የሚለውን ድምፅ አሰብኩ፤ አለቀስኩም። ቀን እየገፋ ሄደ። እኩለ ቀን አካባቢ የሕፃን ድምፅ ከዝናቡ በላይ ወጣ።

አዴ በቀለች በሩን ከፈቱ። "ግባ፤ ሴት ናት" አሉኝ።

አያንቱ ደክሟት ግን ዓይኗን ከፍታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። የተኛችው በጥቁርና ነጭ ቁርበት ላይ ነው። አወቅሁት። ያ ቡሬ ነው። ለስልሷል፣ ታሽቷል፣ አንዱ ጎኑ ንጹሕ ነው። በሌላው ጎኑ ላይ በጅማት ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ ጥልፍ የመሰለ ነገር እዚህም እዚያም አለ። መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ግን ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ሚስቴ የተኛችው በእኔ በኩል ነው።

"አዴ…" አልኩ።

"ሰምቼሃለሁ" አሉ። ልጅቷን በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። "በሁለት እጅ ያዛት። መስከረም እየመጣ ነው፤ አልጋው እስኪላክ ሌላ ቁርበት ያስፈልጋል፣ ከጠዋቱ ኦቦ ኢተፋ ግቢ እንገናኝ።"

ያቺ ልጅ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ከእሷ በኋላ በዚያ ጣሪያ ሥር ስንት እንደተወለደ ነርሷ መዝገብ ላይ ጽፋዋለች፤ እኔ አላውቀውም። የማውቀው የዚያን ቀኑን ነው። ወንዙ ዳር ከብት ሲያግድ የዋለ አንድ ጎረቤቴ እንደነገረኝ፣ ወንዙ ያን ቀንም የጎደለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የጠበቀው ሰው አልነበረም።